የክትባት ተራ በትምህርት ቤት በር ብቻ አይጠራ





አዲስ ክትባት አገር ሲገባ ለሁሉም በአንድ ቀን እንደማይዳረስ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ በሆነ ጊዜ ተራ ማውጣት ግድ ይሆናል። በመጋቢት ወር 2013 ዓ.ም. የኮቪድ ክትባት ሲጀመር ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች፥ ቀጥሎም ለአረጋውያንና የቆየ ሕመም ላለባቸው መሰጠቱ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። ሌላው ሰው ጥቂት ወራት ቢታገሥ ተራው ይደርሰው ነበርና።

ነገር ግን ካለፈ የማይመለስ ተራም አለ። ይኸውም የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ተራ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሚተላለፍ፥ ክትባቱ በሙሉ የሚጠቅመው ልጅቱ ለትዳር ሳትበቃ ስትከተብ ነው።

ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ሲጀመር በዓለም ላይ እጥረት ስለ ነበረ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ብቻ፥ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ ተደረገ። የሚሰጠውም በአብዛኛው በትምህርት ቤት ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ ልጆቹ በአንድ ስፍራ ይገኛሉ፥ መዝገብም አላቸው።

ይሁን እንጂ የእኛን አገር ሁኔታ እንመልከት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የደረሰ ሰው፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን የቦረናን፥ የሳይንትንና የወግዲን ዳገትና ቁልቁለት ያውቀዋል። በዚህ አገር የ14 ዓመት ልጅ ሁሉ ተማሪ አይደለችም። አንዳንዷ ተድራለች፤ አንዳንዷ ውሃ ቀጂና ከብት ጠባቂ ናት፤ አንዳንዷም ለቤት ሠራተኛነት ከተማ ገብታለች። ባለፉት ዓመታትም በጸጥታ ችግር ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ታናሽ እኅቷ ተራዋን ልትጠብቅ ትችላለች፤ እርሷ ግን በዓመቱ 15 ይሞላታልና ተራዋ አለፈ። ይበልጥ የሚያሳዝነው፥ በልጅነቷ የምትዳረውና ክትባቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ይህችው ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ መሆኗ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለመከተብ ዘመቻ ተደርጓል። ክትባቱም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ሆኗል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። መድኃኒቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ በሚይዝ ሣጥን ተሸክማ ለምትጓዝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፥ አንድ ዳገት ሁለት ጊዜ ከመውጣት መዳን ቀላል ነገር አይደለም።

በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ዘመቻ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ በአገራችን ፍጻሜ ያገኘው ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ሕዝቡ ወዳለበት ስለ ሄዱ ነው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና፥ ዛሬም የሚከተሉት ቢታሰቡ እወዳለሁ።

አንደኛ፥ ልጃገረዶች በክፍል ሳይሆን በዕድሜ፥ በየቀበሌው ቤት ለቤት ይመዝገቡ። ሁለተኛ፥ ከትምህርት ቤቱ ሌላ በገበያ ቀን፥ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጠገብ የክትባት ቦታ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፥ ሪፖርታችን የተከተቡትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ይቁጠር። መቶኛው ከተማሪ ብዛት ሲሰላ ሥራው የተፈጸመ ይመስላል፤ ያልተመዘገበችው ልጅ ግን በሒሳቡ ውስጥ የለችም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለንም። ከሳይንት ወይም ከወግዲ መጥታ በቤታችን እንጀራ የምትጋግር ልጅ ብትኖር፥ ዕድሜዋን ጠይቀን፥ 15 ሳይሞላት ጤና ጣቢያ ይዘናት እንሂድ። ለዚህ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም።


አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመካነ ሰላም