የቀን መብራት በነባር የመስክ ተሽከርካሪዎች፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1989 መጨረሻ ወዲህ የሚመረቱ ተሽከርካሪዎች በቀን የሚበራ የፊት መብራት እንዲኖራቸው በሕግ ደንግጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2011 በአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ላይ ተመሳሳይ ግዴታ ጥሏል። ቀደም ብለው ለተሠሩ የመስክ ተሽከርካሪዎች ግን መብራቱን ማስገጠም በአብዛኛው ለባለንብረቱ የተተወ ጉዳይ ነው።

የቀን መብራት ዓላማ ለአሽከርካሪው መንገድ ማሳየት ሳይሆን ተሽከርካሪው ከሩቅ እንዲታይ ማድረግ ነው። ሥራው የሞተር ማስነሻ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኝ ሪሌ በመግጠም ይከናወናል። ያረጁ ገመዶች ግለው ቃጠሎ እንዳያስከትሉም መስመሩ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል።

ዋነኛው ስጋት ሲመሽ የሚከሰተው ነው። ከፊቱ ብርሃን የሚያየው አሽከርካሪ ሁሉም መብራት የበራ ስለሚመስለው የኋላውን ሳያበራ ሊጓዝ ይችላል። ካናዳ ይህን ለመከላከል እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ለአዳዲስ ተሽከርካሪዎች ሦስት አማራጮችን አስቀምጣለች። እነዚህም የኋላ መብራት ከቀን መብራቱ ጋር አብሮ መብራቱ፣ በጨለማ መብራቶቹ ሁሉ በራሳቸው መብራታቸው፣ አሊያም አሽከርካሪው መብራት እንዲያበራ ዳሽቦርዱ ጨለማ ሆኖ መቆየቱ ናቸው።

በመሆኑም በነባር ተሽከርካሪ ላይ የቀን መብራት የሚያስገጥም ባለንብረት የኋላ መብራቱንም አብሮ ቢያስገናኝ፣ ከፊት ለሚመጣው ብቻ ሳይሆን ከኋላ ለሚከተለውም ደኅንነት አስተዋጽኦ ያደርጋል።