ቡናው ከመለቀሙ በፊት ማሳው ይለካ

ንግድ በችግር ጊዜ ቶሎ አቅጣጫ መቀየር የሚችለው መንገዱ ቀድሞ ሲጠረግ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 2012 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የዓለም የመንገደኛ ጉዞ ባንድ ጊዜ ቆመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመንገደኛ አውሮፕላኖቹ መቀመጫ እየነቀለ የሕክምና ቁሳቁስ ይጭንባቸው ጀመር፤ በብዙ አገር አየር መንገዶች የመንግሥታቸውን ድጎማ ሲጠብቁ እሱ በጭነት ገቢ ክፉውን ጊዜ ተሻገረ። ለዚህ ያበቃው የውሳኔው ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ትልቁ የቦሌ የጭነት ተርሚናል በ2009 ዓ.ም ተመርቋል፤ ጭነት የለመደ ሠራተኛና የተዘረጋ የጭነት መስመርም ነበረው። ያ ሁሉ ባይኖር መቀመጫ መንቀል የትም አያደርስም ነበር።

ከቦንጋ እስከ ደካ በቡና የሚተዳደረው የከፋ ገበሬና ነጋዴ የሚጠብቀው ፈተና ደግሞ ቀኑ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም ባጸደቀው የደን ምንጣሮ ደንብ መሠረት ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ የሚገባው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም በኋላ ደን ባልተመነጠረበት መሬት መመረቱ ሲረጋገጥ ነው። ማሳው በኬክሮስና በኬንትሮስ መታወቅ አለበት። ደንቡ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ከታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም፣ ለአነስተኛዎቹ ከሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም ጀምሮ እንዲሠራ ተወስኗል። ግዴታው የተጣለው በአስመጪው ላይ ነው፤ ጫናው ግን ወርዶ የሚያርፈው ገበሬው ላይ ነው። ደንቡን ለሚጥስ ኩባንያ የቅጣቱ ጣሪያ ከዓመታዊ ሽያጩ 4 በመቶ በታች እንዳይሆን ስለተደነገገ፣ መረጃ የሌለውን ቡና ለመግዛት የሚደፍር አይኖርም። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ማሳዎችን ከማጣራት ይልቅ የብራዚልን ሰፋፊ እርሻዎች መምረጥ ለአስመጪው ይቀለዋል።

ታኅሣሥ በከፋ የለቀማ ወር ነው። ስለዚህ ደንቡ የሚይዘው ገና ወደፊት የሚተከል ቡና ሳይሆን በዚያው ወቅት ከዛፉ የሚወርደውን ነው። ለቀማው ሲጀመር ገበሬው ከነቤተሰቡ ጫካ ይገባል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሠራተኛም እሸት ከመረከብ ፋታ አያገኝም። ልኬቱ ማለቅ ያለበት እሸቱ ሳይቀላ፣ በክረምቱ ወራት ነው።

ከፋ ለዚህ ደንብ ከብዙ የቡና አገሮች የተሻለ መነሻ አለው። በደቻ ወረዳ እንደሚገኘው የማንኪራ ጫካ ያሉ ቦታዎች ቡናው ራሱ በቅሎ በዛፍ ጥላ ሥር የሚኖርባቸው ናቸው፤ አካባቢው በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ሆኖም ጥሩ ታሪክ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። እንዲያውም የደን ቡና የራሱ ጣጣ አለው፦ ከሳተላይት ሲታይ ቡናና ደን አይለይም፣ ገበሬው ጥላ ሲያሳሳ ደግሞ ምንጣሮ ሊመስል ይችላል። ይህን የሚያስተካክለው መሬት ላይ የተሰበሰበ መረጃ ብቻ ነው። ማሳው መቼ እንደተያዘ፣ የትኞቹ የጥላ ዛፎች እንዳሉበት፣ ቀኑ ከተጻፈበት ፎቶግራፍ ጋር ከአሁኑ ሊመዘገብ ይገባል።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ እንዲኖረው ይፈለጋል። አብዛኛው የከፋ ገበሬ ከዚህ በታች ስለያዘ በስማርት ስልክ ሊሠራ ይችላል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ሥር ግን የሳተላይት ምልክት ይዳከማል፤ ለኪው ቅጠሉ ወደሳሳበት የማሳው ክፍል ወጥቶ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ቸኩሎ የተያዘ ነጥብ ጎረቤት ማሳ ወይም ጥብቅ ደን ውስጥ ያርፍና ንጹሑን ቡና ተጠርጣሪ ያደርገዋል። በየቀበሌው ስልክ መጠቀም የሚችሉ ወጣቶች አሉ፤ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከነሱ ጥቂቶችን አሠልጥኖ፣ አበል መድቦ፣ አባላቱን በተራ ማስለካት ይኖርበታል። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሥልጠናውን ቢይዙት ሥራው ይፈጥናል።

ከልኬቱ የሚከብደው ቡናውን ሳይቀላቅሉ መያዝ ነው። ከ100 ጆንያ መካከል የአንዱ ምንጭ ካልታወቀና መለየት ካልተቻለ ጠቅላላው ጭነት ይወድቃል። ጀንፈል ከየመንገዱ እየለቀመ አንድ መጋዘን የሚከምር ሰብሳቢ ይህን ልማዱን በዚህ ዓመት መተው አለበት። የተለካና ያልተለካ ቡና በየራሱ የማድረቂያ አልጋ ይሰጣ፤ ጆንያው ላይ የማኅበሩና የማሳው መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ርክክቡ በደረሰኝ ይሁን።

ቡናን ለይቶ መያዝ ያለውን ጥቅም የከፋ ሰው ከዚህ ቀደም አይቶታል። በ1994 ዓ.ም የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። በከፋ ከጥቂት ዓመት በኋላ መሠረታዊ ማኅበራት በከፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተሰባስበው የጫካውን ቡና በስሙ ወደ ጀርመን ገበያ አደረሱ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም ቡና ማገበያየት ሲጀምር የነጋዴው ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ሲቀላቀል የየማሳው ማንነት ጠፋ፤ በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው ዩኒየኖች ግን ምርታቸውን ለይተው ያዙ። ከማኅበር ውጭ ያለ ገበሬ ዛሬ መመዝገብ ያለበት ለዚህ ነው፤ ብቻውን የተለካ ማሳ ገዢ ዘንድ የሚያደርሰው የለውም።

በቡና ብቻ መንጠልጠልም አደጋ ነው። ደንቡ የሚመለከተው ሰባት ምርቶችን ሲሆን ማርና ኮረሪማ ከነዚህ ውስጥ የሉም። ኢትዮጵያ ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት እንድትልክ ተፈቅዶላታል። የከፋ ማር የሚሸነፈው በእርጥበቱ ነው፤ ከ20 በመቶ በላይ ውኃ ያለው ማር ቶሎ ይቦካል፣ ገበያውም አይቀበለውም። አናቢው የታሸገውን እንጀራ ብቻ ቆርጦ፣ ጢስ አብዝቶ ሳያጨስበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ንጹሕ ባልዲ ማስረከብ ይችላል። ይህ አዲስ ቀፎ መግዛትን አይጠይቅም።

የዞኑና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የጥብቅ ደኑን ወሰን ለማኅበራት በካርታ ማድረስ አለባቸው፤ ገበሬው ማሳው ከወሰኑ ውስጥ ይሁን ከውጭ የሚያውቀው በዚያ ነው። ባንኮችና የብድር ማኅበራት ከለቀማው በፊት ለአልጋ፣ ለጆንያና ለለኪዎች አበል የሚሆን አነስተኛ ብድር ቢለቁ የሚመለስበት ወቅት ቅርብ ነው። የልኬቱ መረጃ ባለቤትነት ደግሞ ካሁኑ በጽሑፍ ይወሰን። መረጃውን ላኪው ብቻ ከያዘው ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ገዢ መሸጥ ይቸግረዋል። አንድ ቅጂ በማኅበሩ መዝገብ፣ አንድ ቅጂ በገበሬው እጅ መቅረት አለበት፤ ለመለካት የሚመጣ ማንኛውም ኩባንያ ይህን ሳይፈርም ማሳ እንዳይገባ የማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤዎች በዚህ ክረምት ይወስኑ።