75 ሚሊዮኑ ተመልካች ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2019 ባድሻህ በሚል ስም የሚታወቀው ህንዳዊ ድምጻዊ «ፓጋል» የተሰኘ የሙዚቃ ቪዲዮውን በዩቲዩብ ለቀቀ። ቪዲዮው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ 75 ሚሊዮን ጊዜ ያህል መታየቱ ተገለጸ። ይህ አኃዝ የደቡብ ኮሪያው ቢቲኤስ የሙዚቃ ቡድን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ካስመዘገበው 74.6 ሚሊዮን የሚበልጥ በመሆኑ አዲስ ክብረ ወሰን ተደርጎ ይበሰራል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ሆኖም ዩቲዩብ ቀደም ሲል ለሌሎች ድምጻውያን ያደርግ እንደነበረው ክብረ ወሰኑን በይፋ ከማብሰር ተቆጥቧል።

የዝምታው ምክንያት ብዙም ሳይቆይ ግልጽ ሆነ። በድምጻዊውና በአሳታሚው ኩባንያ ወገን ከጉግልና ከዩቲዩብ የማስታወቂያ ቦታ ተገዝቶ ስለነበር ቪዲዮው ሌላ ነገር ለማየት ለገቡ ሰዎች ጭምር በማስታወቂያ መልክ ይቀርብላቸው ነበር። በዚህ መንገድ የተመለከቱት ሁሉ ከተመልካች ቁጥር ውስጥ ተደምረዋል። ድርጊቱ ሕገ ወጥ አልነበረም፤ በሙዚቃው ንግድ ውስጥም እንግዳ ነገር አልነበረም። ዩቲዩብ በመስከረም ወር 2019 ባወጣው መግለጫ በክፍያ የተገኘ ተመልካች ለ24 ሰዓት ክብረ ወሰንና ለሙዚቃ ሰንጠረዥ እንደማይቆጠር አስታውቋል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን እርምጃው በእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር የሚታየውን አጠቃላይ ቁጥር አለመንካቱ ነው። በዚያ ቁጥር ውስጥ ፈልጎ የመጣውና በማስታወቂያ የመጣው ተመልካች አሁንም ተደባልቀው ይቆጠራሉ።

አንድ ቪዲዮ ያለ ማስታወቂያ ክፍያ በሚሊዮኖች ዘንድ መድረስ እንደሚችል አያጠያይቅም። በ2012 የተለቀቀው የደቡብ ኮሪያዊው ሳይ «ጋንግናም ስታይል» በአምስት ወራት ገደማ ውስጥ 1 ቢሊዮን ጊዜ በመታየት በዩቲዩብ ታሪክ የመጀመሪያው ሆኗል። (ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩ 2 ቢሊዮን 147 ሚሊዮንን በማለፉ ኩባንያው ቆጣሪው መያዝ የሚችለውን የቁጥር መጠን ማሳደግ ግድ ሆኖበታል።) ይሁንና «በራሱ ጊዜ ተዛመተ» የሚባለው ነገር ቀረብ ብሎ ለመረመረው ብዙውን ጊዜ ከጀርባው የተደራጀ ሥራ ይገኝበታል።

ለዚህ ሁነኛ ማሳያ የሚሆነው በመጋቢት ወር 2012 የተለቀቀው «ኮኒ 2012» የተሰኘው የ30 ደቂቃ ፊልም ነው። የኡጋንዳው አማጺ ቡድን መሪ ጆሴፍ ኮኒ ተይዞ ለፍርድ እንዲቀርብ የሚጠይቀው ይህ ፊልም በስድስት ቀናት ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ታይቷል። በወቅቱ ብዙዎች ክስተቱን ድንገተኛ አድርገው ወስደውት ነበር። ነገር ግን ፊልሙን ያዘጋጀው ኢንቪዚብል ችልድረን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከዚያ በፊት ለዓመታት በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት እየተዘዋወረ ፊልሞቹን ሲያሳይና ወጣት ደጋፊዎችን ሲያሰባስብ ቆይቷል። ፊልሙ በተለቀቀባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት በትዊተር የተላለፉ መልእክቶችን ያጠኑ ባለሙያዎች መነሻዎቹ ኒውዮርክ ወይም ሎስ አንጀለስ ሳይሆኑ እንደ በርሚንግሃምና ኦክላሆማ ሲቲ ያሉ መካከለኛ ከተሞች መሆናቸውን ደርሰውበታል። ድርጅቱ በተጨማሪ 20 ዝነኛ ሰዎችንና 12 ባለሥልጣናትን ለይቶ ተመልካቹ በቀጥታ እንዲወተውታቸው አድርጓል። ኦፕራ ዊንፍሬይን የመሰሉ ሰዎች መልእክቱን ለተከታዮቻቸው ሲያስተላልፉ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ አሻቀበ።

ቁጥሩ ያላሳየው ሌላም ነገር ነበር። ፊልሙ በዚያው ወር የአማጺው ቡድን ጥቃት በደረሰባት የሰሜን ኡጋንዳ ከተማ ሊራ ለሕዝብ ሲታይ ታሪኩ የእኛን ሥቃይ አይገልጽም ያሉ ነዋሪዎች ቁጣቸውን ገልጸዋል። ኮኒን ለመያዝ የተሰማሩት የአሜሪካና የኡጋንዳ ኃይሎችም በ2017 ሰውየውን ሳይዙ ዘመቻቸውን አቁመዋል። 100 ሚሊዮን ጊዜ መታየት የታዳሚውን ብዛት እንጂ የመልእክቱን ትክክለኛነትም ሆነ የዓላማውን ስኬት አልለካም።

በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶችም ተመሳሳይ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ሻራድ ጎኤልና ባልደረቦቹ በትዊተር የተካሄዱ 1 ቢሊዮን ያህል የስርጭት ክስተቶችን መርምረው ባሳተሙት ጥናት በስፋት የተሰራጩ ይዘቶች በአብዛኛው ከሰው ወደ ሰው እንደ ወረርሽኝ ተሸጋግረው ሳይሆን ብዙ ተከታይ ካለው አንድ ምንጭ በአንድ ጊዜ ተበትነው መሆኑን አሳይተዋል። ዮና በርገርና ካትሪን ሚልክማን በበኩላቸው 7 ሺህ ገደማ የሚሆኑ የኒውዮርክ ታይምስ ጽሑፎችን ተንትነው አድናቆትን፣ ቁጣን ወይም ስጋትን የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች ይበልጥ ለሌላ ሰው እንደሚላኩ፣ ሐዘን የሚያጭሩት ግን ያን ያህል እንደማይተላለፉ በ2012 አመልክተዋል። ቁጣን ማራገብ ትርፍ የሚያስገኝበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከማስታወቂያ ግዢ ባሻገር ደግሞ ጨርሶ የሌለ ተመልካች የሚሸጥበት ገበያ አለ። ዴቩሚ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐሰተኛ ተከታዮችንና የዩቲዩብ ተመልካች ቁጥርን ለተዋንያን፣ ለሙዚቀኞችና ለነጋዴዎች ይሸጥ እንደነበር ኒውዮርክ ታይምስ በ2018 ካጋለጠ በኋላ ጉዳዩ በአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተይዞ በቀጣዩ ዓመት የ2.5 ሚሊዮን ዶላር ውሳኔ ተላልፎበታል። መቀመጫውን በላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ ያደረገው የኔቶ የስትራቴጂክ ኮሙኒኬሽን ማዕከል በ2019 ባካሄደው ሙከራ በ300 ዩሮ ብቻ 3 ሺህ 530 አስተያየቶችን፣ 25 ሺህ 750 የመውደድ ምልክቶችን፣ 20 ሺህ ተመልካቾችንና 5 ሺህ 100 ተከታዮችን መግዛት ችሏል። ከአራት ሳምንታት በኋላም ከተገዙት አምስት አራቱ ሳይሰረዙ ቆይተዋል። አሜሪካ ሐሰተኛ ተከታይና ተመልካች ለንግድ ጥቅም መሸጥንና መግዛትን የሚከለክል ደንብ በሥራ ላይ ያዋለችው ከጥቅምት ወር 2024 ጀምሮ ነው።

ይህ አኃዝ ለኢትዮጵያ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ድርጊቱ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱ እንዲከብድ ይደነግጋል። ሕግ አውጪው የተከታይን ብዛት የጉዳቱ ስፋት መለኪያ አድርጎ መውሰዱ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን በሪጋው ሙከራ እንደታየው 5 ሺህ ተከታይ በጥቂት ገንዘብ የሚሸመት፣ ባለገጹ ሳያውቅም በሌላ ሰው ሊገዛለት የሚችል ነገር ነው። ምርመራ የሚያካሂድና ፍርድ የሚሰጥ አካል ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ማጣራት የሚያስፈልገውም በዚህ የተነሳ ነው።

«ታየ» የሚለው ቃል ራሱ ከመድረክ መድረክ መለያየቱ ደግሞ ሌላው ችግር ነው። ፌስቡክ ለዓመታት የሦስት ሰከንድ ቆይታን እንደ አንድ ዕይታ ሲቆጥር ቆይቷል። ይኸው ኩባንያ በ2016 ተመልካቾች በቪዲዮ ላይ የሚቆዩበትን አማካይ ጊዜ አጋንኖ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያቀርብ እንደነበር አምኗል። ዩቲዩብ በአጫጭር ቪዲዮዎቹ ላይ ከመጋቢት ወር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ፣ ምንም ዝቅተኛ የቆይታ ጊዜ ሳይጠይቅ፣ አንድ ብሎ ይቆጥራል። ጣቱን አንሸራትቶ ያለፈውም እንደ ተመልካች ይመዘገባል ማለት ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኮሙኒኬሽን ክፍሎች በሚዘጋጁ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርቶች ውስጥ «ይህን ያህል ሰው ተመልክቶታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲቀርብ እነዚህ ልዩነቶች እምብዛም አይነሱም። በጀት ወጥቶበት «ቡስት» የተደረገ ቪዲዮና ነዋሪው የመታወቂያ ወይም የግብር አገልግሎት መረጃ ፍለጋ ራሱ ከፍቶ ያየው ቪዲዮ በአንድ ዓምድ ሥር ይደመራሉ። ማስታወቂያ መግዛት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የክትባት ዘመቻን ወይም የምዝገባ ቀነ ገደብን በአጭር ጊዜ ለማሳወቅ ከፍሎ ማሰራጨት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ችግሩ የሚፈጠረው በቀጣዩ ዓመት በጀት ሲጠየቅ የተገዛው ቁጥር እንደ ሕዝብ ፍላጎት ማስረጃ ሲቀርብ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ልዩ ባለሙያ አያስፈልግም። ዩቲዩብ ለገጹ ባለቤት በሚያቀርበው የመረጃ ሰሌዳ ላይ ተመልካቹ በፍለጋ፣ ከሌላ ድረ ገጽ ወይም በማስታወቂያ የመጣ መሆኑ ተለይቶ ይታያል፤ በአማካይ ለስንት ደቂቃ እንደቆየና ከየትኛው አገር እንደተመለከተም እንዲሁ። ሪፖርቱን የሚቀበለው ኃላፊ ከጠቅላላው ቁጥር ጎን እነዚህ መረጃዎች እንዲቀርቡለት መጠየቅ ይችላል።