«ነዝሮሽ ያውቃል?»



ባለፈው ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር መርካቶ ወርጄ ነበር። 13 ዓመቷ ነው፤ ክረምቱን የምታሳልፈው እኛ ዘንድ ነው። መርካቶ ለሁሉም ነገር ተራ አለው። በርበሬ የፈለገ በርበሬ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ የፈለገ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እኛ የፈለግነው ግን እኔ ስሙን እንኳ በቅጡ የማልጠራውን ነው፦ ሬዚስተር፣ ትራንዚስተር፣ ኤልኢዲ። ልጅቷ ሁሉንም በደብተር ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጨብጣዋለች።

ነገሩ የጀመረው በእኔ ሬዲዮ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ዜና የምሰማበት ሬዲዮ ጠረጴዛ ላይ ተፈታትቶ ጠበቀኝ። ጮህኩባት። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህኩት። ማታ ላይ ግን ጸጸተኝና የተበላሹ ቻርጀሮች የተጠራቀሙበትን ካርቶን አወጣሁላት። «ከሬዲዮዬ ራቂ፤ መፍታት ካማረሽ እነዚህን ፍቺ። ብቻ መጀመሪያ ከሶኬት ንቀይ» አልኳት። የአያት ወጉን ያደረስኩ መስሎኝ ተኛሁ።

ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትንንሽ መሳቢያ ብቻ። ወረቀቱን ተቀብያት ማንበብ ስጀምር ሻጩ ፈገግ አለ። «አባት፣ ለራሷ ይስጧት። የምትሠራው እሷ አይደለች?»

ሰጠኋት። ምን ልትሠሪ ነው አላት። «ሲጨልም በራሱ የሚበራ መብራት። ለአያቴ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ኮሪደሩ ላይ ትደናቀፋለች።» እኔ ይህን የሰማሁት ያኔ ነው። ምን እንደምትሠራ ለካ ጠይቄያት አላውቅም።

«ኤልኢዲውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝተሽው ታውቂያለሽ?»

«አዎ። አንዴ ብልጭ ብሎ ሞተ።»

ሻጩ የካርቶን ቁራጭ አንሥቶ ሒሳቡን ጻፈላት። ባትሪው 9 ቮልት ነው። ቀዩ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል። የቀረውን 7 ቮልት የሚሸከም ሬዚስተር ከሌለ ኤልኢዲው ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ አልፎበት ይቃጠላል። 7ን ለ470 ኦም ስታካፍዪው 15 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ይህ ይበቃዋል አላት። ከዚያ ሬዚስተሩን በቀለሙ እንዴት እንደምትለይ አሳያት፤ ቢጫ 4፣ ሐምራዊ 7፣ ቡናማው ደግሞ አንድ ዜሮ ጨምሪ ማለት ነው። እኔም አብሬ ተማርኩ።

ኤልኢዲ አንድ ይበቃታል ብዬ ልከራከር ስል፣ «አባት፣ አምስት ይግዙላት፤ ሳያቃጥል የተማረ የለም» አለኝ። አምስት ገዛሁ።

ሒሳብ ልከፍል ኪሴ ስገባ ነው የጠየቃት። «ነዝሮሽ ያውቃል?»

ከመመለሷ በፊት እኔን አየችኝ።

«አንዴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቻርጀር ስፈታ።»

«ሶኬት ላይ ነበር?»

«አይ፤ ነቅዬዋለሁ። አባባ ንቀይ ብሎኛል።»

ገንዘቡ እጄ ላይ ቀረ። ሻጩ ግን አልደነገጠም። ከጠረጴዛው ላይ አንድ የተከፈተ ቻርጀር አንሥቶ ውስጡ ያለችውን በርሜል የመሰለች ዕቃ አሳየን። ካፓሲተር ትባላለች። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ቻርጀሩ ውስጥ ሲገባ ተለውጦ እዚህች ላይ 310 ቮልት ያህል ይሆናል። እሷ ደግሞ ጋን ናት፤ ከሶኬት ከተነቀለች በኋላም የያዘችውን ይዛ ልትቆይ ትችላለች። በተለይ ዕቃው የተበላሸ ከሆነ ኤሌክትሪኩ መውጫ ሊያጣ ይችላል።

ልጅቷ ያልኳትን በትክክል አድርጋለች ማለት ነው። የነዘራት የእኔን ምክር ስለጣሰች አይደለም፤ ምክሬ ጎደሎ ስለነበረ ነው። ያንን ካርቶን በእጄ የሰጠኋትም እኔ ነኝ።

ታክሲ ውስጥ ገብተን ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ጠየቅኳት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁሉንም ትሰበስብብኛለህ ብዬ ነዋ።»

እውነቷን ነው። እሰበስብ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ዕቃ እየፈታ ያስቸገራችሁ ካላችሁ፣ ከዚያ ሱቅ ይዤ የወጣሁትን ላካፍላችሁ። በሶኬት የሚሠራ ዕቃ፣ ተነቅሎም ቢሆን፣ ልጅ ብቻውን አይፍታ። ማይክሮዌቭ ደግሞ ጨርሶ አይነካ፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት የሚይዝና ሰው የሚገድል ነው። ያበጠ የሞባይል ባትሪ አይወጋ፣ አይከፈት፤ እሳት ያስነሣል። መማሪያው በትንንሽ ባትሪ የሚሠራው ይሁን። የሚበየድ ነገር ካለ መስኮት ይከፈት፤ ከዚያም እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የመበየጃው ሽቦ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አብራችኋቸው ገበያ ውጡ። እኔ ስለ ቮልት የማውቀው ነገር የለም፤ ግን አጠገቧ ባልቆም ኖሮ ያንን ጥያቄም መልሱንም አልሰማም ነበር። አሁን ቤታችን አዲስ ሕግ ወጥቷል፦ የነዘረው፣ ያቃጠለው፣ የሰበረው ሰው ዕለቱን ይናገራል፤ ለተናገረ ሰው ዕቃው አይወሰድበትም። ሕጉ ከከበዳት ይልቅ የከበደኝ እኔን ነው።

እሑድ ከሰዓት መብራቱን ገጣጠመችው። አልበራም። ትራንዚስተሩን ገልብጣ ነው የሰካችው። «አባባ፣ ተሳስቻለሁ» ብላ ራሷ መጥታ ነገረችኝ፤ ከመብራቱ ይልቅ ደስ ያለኝ እሱ ነው። አስተካክላ ስትሰካውና በመዳፏ ብርሃኑን ስትከልልበት ቦግ አለ።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ቤታችን ውስጥ መብራት እንዲጠፋ የሚመኝ ሰው ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።