የጊዜያዊ ስቴንት እውነተኛ ፈተና መውጫው ነው

በዕድሜ የገፋ ወንድ በፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ሽንቱ ሲዘጋበት የመጀመሪያው ሕክምና ካቴተር ነው። የፊኛው ሥቃይ በደቂቃዎች ውስጥ ይረግባል፤ ሌላው ችግር ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል። የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቅ፣ ወጪውን የሚያሰባስብ ወይም በልብና በሳንባ ሕመም ምክንያት ሰመመን የሚያሰጋው ሰው ሳምንታትንና ወራትን ከሽንት ከረጢት ጋር ያሳልፋል። ካቴተር በገባለት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ እንደሚጨምር ይታወቃል፤ ወር ሲሞላው ከዚህ የሚያመልጥ ጥቂት ነው። በአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ የሚያመርት አባወራ ከረጢት ታጥቆ ማረስም ሆነ ማጨድ አይችልም። ጊዜያዊ የፕሮስቴት ስቴንት በአሰላና በአካባቢው ሊፈተሽ የሚገባው ከዚህ ችግር በመነሣት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፋቢያን የተባለ ሐኪም በፕሮስቴት ውስጥ የሚቀመጥ ጠመዝማዛ ሽቦ በጀርመንኛ ጽሑፍ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር። ዛሬ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ። ስፓነር የተባለው የሲሊኮን ስቴንት መተላለፊያውን ከፍቶ የሚይዘው በቦታው እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 ሲፈቅደው ከአነስተኛ የፕሮስቴት ሕክምና በኋላ እስከ 30 ቀን እንዲያገለግል ነበር። አይቲንድ የተባለው የኒቲኖል ሽቦ ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይቶ የፕሮስቴቱን ግድግዳ በመጫን መተላለፊያውን ያሰፋል፤ የሚጠበቀውም ጥቅሙ ከወጣ በኋላ እንዲዘልቅ ነው።

አይቲንድ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት በዕጣ ከተመደበ የማስመሰያ ሕክምና ጋር ተነጻጽሯል። ከሦስት ወር በኋላ የምልክት ነጥባቸው ቢያንስ በ3 የቀነሰላቸው ስቴንት ከገባላቸው 118 ወንዶች መካከል 78.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 57 ወንዶች መካከልም 60 በመቶ ነበሩ። ሁለተኛው አኃዝ ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ትምህርት ይሰጣል፤ ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ጥናት ያንን 60 በመቶ ሁሉ ለመሣሪያው ባስመዘገበ ነበር። ከዚህም ሌላ ተሳታፊዎቹ የፕሮስቴታቸው መጠን ከ25 እስከ 75 ሚሊ ሊትር የሆነ ወንዶች ነበሩ፤ ሽንታቸው ጨርሶ ተዘግቶ በካቴተር የሚኖሩት በጥናቱ አልተካተቱም። ስለዚህ የዚያ ጥናት ውጤት ካቴተር ይዞ ተራ ለሚጠብቀው የደጋ ገበሬ በቀጥታ መልስ አይሆንም።

ለእርሱ የሚጠቅመው ንጽጽር ከማስመሰያ ጋር ሳይሆን አሁን ከሚያገኘው እንክብካቤ፣ ማለትም ከካቴተሩ ጋር ነው። ዋናው መለኪያም ያለ ካቴተር የዋለባቸው ቀናት ቁጥር፣ ትኩሳት ያለበት ኢንፌክሽንና ወደ ሥራ መመለሱ ሊሆን ይገባል። በሰፊው የሚሠራበት የፕሮስቴት ምልክቶች መመዘኛ ከ0 እስከ 35 ነጥብ የሚሰጡ 7 ጥያቄዎች አሉት፤ ነገር ግን ሽንቱ ስለሚንጠባጠብ ውዱእ ማጽናት ያቃተው ወይም በሰው መካከል መቀመጥ ያሳፈረው ሽማግሌ ይህን ጭንቀቱን ለይቶ የሚገልጽበት ጥያቄ የለውም። መጠይቁ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተተርጉሞ አስተማማኝነቱ ሊረጋገጥ ይገባል፤ ማንበብ ለማይችሉትም በቃል መቅረብ አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የመውጫው ጉዳይ ነው። በሌሎች ብዙ ጥናቶች ከክትትል የጠፋ ተሳታፊ የጎደለ መረጃ ነው፤ በዚህ ጥናት ግን በሰውነቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ይዞ የጠፋ ሰው ነው። የተረሳ ስቴንት ጠጠር ያበጃል፣ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ለኢንፌክሽንም መነሻ ይሆናል። በመሆኑም በቀጠሮው ቀን ስቴንቱ ያልወጣለት ተሳታፊ ሁሉ ከስሌቱ ሊሰረዝ ሳይሆን ሕክምናው እንዳልተሳካ ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል። በክር ተስቦ የሚወጣ ስቴንት ቢመረጥ፣ በቆጂን በመሳሰሉ ከተሞች ያሉ የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነው ሊያወጡት ይችላሉ። የመውጫው ቀን በአዝመራ መሰብሰቢያ ወይም መንገድ በጭቃ በሚበላሽበት ክረምት እንዳይውል አስቀድሞ መታሰብ፣ የመጓጓዣ ወጪም በጥናቱ በጀት መያዝ አለበት።

ገንዘቡ ለቀዶ ሐኪሞች ሥልጠናና ለመሣሪያ ቢውል ይሻላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ስቴንት ቀዶ ሕክምናን አይተካም። ሆኖም ጊዜያዊ ስቴንት ቀዶ ሕክምናው ማንን እንደሚጠቅም ለመለየት ሊረዳ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ የቆየ የፊኛ ጡንቻ ደክሞ ከሆነ ዕጢው ቢወገድም ሽንት አይወርድም። ስቴንቱ ሲገባለት በደንብ የሚሸና ሰው ከቀዶ ሕክምና የመጠቀም ተስፋው የተሻለ ነው፤ ያልሸናው ግን ለቢላዋ ከመቅረቡ በፊት ተጨማሪ ምርመራ ያሻዋል። የፊኛ ግፊት መለኪያ እንደ ልብ በማይገኝበት ስፍራ ይህ ጥቅም ራሱን ችሎ ሊጠና የሚገባው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና ሙከራ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። የሥነ ምግባር ገምጋሚዎች ግን ከፈቃዱ ባሻገር ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ይኖርባቸዋል፤ የእያንዳንዱን ተሳታፊ ስቴንት በቀጠሮው ቀን የሚያወጣው ማን ነው? ጥናቱ ጠቃሚነቱን ቢያረጋግጥ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን መሣሪያ በሚቀጥለው ዓመት የሚያቀርበውስ ማን ነው? ለሁለቱም በጽሑፍ የሰፈረ መልስ የሌለው ዕቅድ የመጀመሪያውን ተሳታፊ መመዝገብ የለበትም።