በእስር ቤት ለሚዛመት በሽታ ተጠያቂው ማን ነው?

የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋል። ለመዛመት የታመመ ሰው፣ አየር የማይዘዋወርበት ክፍልና አብሮ የሚያልፍ ረጅም ሰዓት ይበቃዋል። የተጨናነቀ እስር ቤት ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በእስር ላይ ያለ ሰው በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ በአሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። ታዲያ ስለ መድኃኒቱ ብቻ እያወራን፣ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ክፍል ስላጎረው ውሳኔ ዝም የምንለው ለምንድን ነው?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ከተገኘ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ከ4 ሺህ ለሚበልጡ እስረኞች ይቅርታ አደረጉ። በቀላል ወንጀል እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውና የሚፈቱበት ጊዜ የተቃረበ ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ግን ለኮሮና የተቻለው ለነቀርሳ ያልተቻለው ለምንድን ነው? ነቀርሳ ከኮሮና በፊትም በእስር ቤት ነበር፤ ዛሬም አለ። መጨናነቅን መቀነስ ሕይወት እንደሚያድን መንግሥት ራሱ በተግባር ካመነ፣ ለምን የአንድ ሰሞን እርምጃ ሆኖ ቀረ?

ፖሊስንና ፍርድ ቤትንም እንጠይቅ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 59 ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ይፈቅዳል፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አልወሰነም። ሌላ 14 ቀን የሚፈቅድ ዳኛ፣ ተጠርጣሪው የሚመለስበት ክፍል ስንት ሰው እንደያዘ ይጠይቃል? መርማሪውስ ማስረጃ ሳይዝ ሰው አስሮ ማስረጃ የሚፈልገው እስከ መቼ ነው? ዋስትና ተፈቅዶለት የሚያስይዘው ገንዘብ ያጣ ድሃ ከሚያስል ሰው አጠገብ የሚያድረው በየትኛው ጥፋቱ ነው?

ወደ ማረሚያ ቤቱ ስንገባም ጥያቄው ይቀጥላል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች አዲስ ገቢ እስረኛ በተቻለ ፍጥነት በሐኪም ወይም በሌላ ብቁ የጤና ባለሙያ እንዲታይ፣ ሕክምናውም ውጭ ካለው ሕዝብ ሕክምና እንዳያንስ ይጠይቃሉ። ታዲያ አዲስ ገቢው ከሌሎች ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ታስላለህ ወይ፣ ያልብሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው አለ? የታመመው እስኪያገግም በክብር የሚቆይበት ክፍል ተዘጋጅቷል ወይስ የብቻ ክፍል ያለው ለቅጣት ብቻ ነው? መታመሙን መናገር እንደ ቅጣት የሚያስገልለው ከሆነ፣ ማን ሳሉን አይደብቅም?

የነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አሠራር ስድስት ወር ይፈጃል። በመሀል ከተቋረጠ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊከተል ይችላል። ከቃሊቲ ወደ ዝዋይ የተዛወረ እስረኛ የሕክምና ካርዱ አብሮት ይሄዳል? የተፈታውስ በማግስቱ ኪኒኑን ከየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚወስድ ተነግሮት ይወጣል?

በእስር ቤት የሚዛመተው ነቀርሳ ብቻ አይደለም። ግርሻና ተስቦ የሚባሉት የትኩሳት በሽታዎች በልብስ ቅማል ይተላለፋሉ። መከላከያቸው የታወቀ ነው፦ ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅያሪ ልብስ፣ ልብስን በፈላ ውሃ መቀቀል። ሳሙናውን ከስንቁ ጋር የምታመጣው እናት ከሆነች፣ ጠያቂ የሌለው እስረኛ በምን ይታጠብ? የእሱ ቅማል በእሱ ልብስ ላይ ብቻ ይቀራል?

“ወንጀለኛ ነው፤ ይቻለው” የሚል አይጠፋም። ፍርድ ቤት የፈረደበት ነጻነቱን እንዲያጣ ነው፤ ሳንባውን እንዲያጣ የፈረደበት ማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለም ሆነ የተፈረደበት ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ እንዲያዝ ያዛል። ደግሞስ ጠባቂው ማታ ልጆቹ ዘንድ አይገባም? እስረኛው ሲፈታ ታክሲ አይሳፈርም?

ማረሚያ ቤቶችና ፖሊስ ጣቢያዎች ለስንት ሰው እንደተሠሩ፣ ስንት እንደያዙ፣ ስንት እንደታመመና እንደሞተባቸው በየወሩ ይፋ ያድርጉ። ዳኛም ቀጠሮ ከመጨመሩ በፊት ያን ቁጥር ይመልከት። ቁጥሩ ከአቅም ሲያልፍ የትኞቹ እስረኞች ቀድመው እንደሚለቀቁ አስቀድሞ በሕግ ይወሰን። ይህን ሳያደርጉ በእስር ቤት ሰው በነቀርሳ ሲሞት “ታሞ ሞተ” ብሎ መዝገብ መዝጋት አይቻልም፤ እዚያ ክፍል ያስገባውም፣ ያቆየውም ሊጠየቅ ይገባል።