ቀዳዳውን ሳያገኙ መሙላት፤ ስለ ካሚዮን ቀዝቃዛ አየር

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ተብሎ የተነገረው ለዳኛና ለጠበቃ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ ለሚነሣ ክርክርም፣ ለመኪና ብልሽትም ይሠራል። ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ካሚዮን የቀዝቃዛ አየር መሣሪያ ስንጽፍ፣ ይህ የመካኒክ ነገር ነው፣ ለቤተ ሰብ ምን ይረባል ብላችሁ እንዳታልፉት እንለምናለን። ከልብስ ቁልፍ የማትበልጥ አንዲት የጎማ ቀለበት፣ እናት የሌለውን ልጅ ከአጎቱ ቤት ልታስወጣው ጥቂት ቀርቷት እንደ ነበረ በዓይናችን አይተናልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብቸና የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን የእህል ነጋዴ ነው። ጤፍ እየጫነ በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚደርስ አንድ አሮጌ ባለ ደብል ጋቢና ካሚዮን አለው። የሚነዳውም የሟች እኅታችን ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ልጁ እናታችንን ለዓይን ሕክምና ይዟቸው ሲሄድ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርደው ከበረሃው ሲገቡ ከመሣሪያው ይወጣ የነበረው ቀዝቃዛ አየር ትኩስ ሆነ። ያን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ችግሩን ይረዳል። ደጀንና ጎሐ ጽዮን ሁለቱም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ተቀምጠው ሳሉ፣ በመካከላቸው ያለው የዓባይ ድልድይ በ1,000 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ መሻገሩ ቀልሏል፤ የሸለቆውን ሙቀት ግን ድልድይ አያበርደውም። በብቸና ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተነሡት እናታችን ከሸለቆው ውስጥ ራሳቸውን ሳቱ። ወደ ጎሐ ጽዮን ወጥተው ነፋስ ሲያገኙ ነቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደኅና ናቸው።

ወንድማችን ይህን በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ ወደ እኛ መጣ። «ወንድም ጋሼ፣» አለን፤ «ለዚህ መሣሪያ ጋዝ መሙያ ሦስት ጊዜ ገንዘብ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜም ወር ሳይሞላው አለቀ ይለኛል። ይህ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም። ልጁ ገንዘቡን ቢበላው ነው እንጂ ወዴት ይሄዳል? እርስዎ ይምከሩት፤ አለዚያ ቁልፉን እቀበለዋለሁ።» ልጁንም ለብቻው ጠየቅነው። «ጋሼ፣ ደረሰኝ አለኝ፤ አጎቴ ደረሰኙንም አላመነኝም» አለና አቀረቀረ።

በቀድሞ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሮጦ ከአንድ ቤት ሲወድቅ፣ የዚያ ቤት ሰው ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ልማዱ ቀርቷል፤ በግምት መፍረድ ግን ከየቤታችን ጨርሶ አልወጣም። በችሎት ብዙ ቃል ስንጽፍ የኖርን እንደ መሆናችን መጠን ወንድማችንን፣ «በልጁ ላይ ከመፍረድህ በፊት መኪናው ይጠየቅ። እኛ ወዳለንበት ወደ ሞጣ አምጡት» አልነው።

ወንድማችን ከተናገረው ግማሹ እውነት ነበር። ይህ ጋዝ አይቃጠልም። መሣሪያውም ቅዝቃዜን የሚፈጥር ሳይሆን፣ ሙቀትን ከውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። ኮምፕሬሰር የተባለው ክፍል በሞተሩ ችንጋ እየዞረ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት በቆመው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ይመታውና ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም እርጥበቱን በሚያስቀር ማድረቂያ አልፎ በጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ በድንገት ይቀዘቅዛል። ከዳሽቦርዱ ኋላ በተሰወረው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየፈላ የጋቢናውን ሙቀት ይወስዳል፤ ተመልሶም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይሄዳል። በዚህ ካሚዮን ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ ነውና፣ ለእርሱ የብቸና ብርድ እንኳ እሳት ነው። ዙሪያው ሁሉ የተዘጋ ስለ ሆነ፣ ጋዙ ከጐደለ አንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው።

ይህ ጥበብ መጀመሪያ የታሰበው ለሰው ምቾት አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902) ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ቀለሙ እንዳይዛነፍ ብሎ ነደፈው። በአውቶሞቢል ላይ ደግሞ ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1932 ዓ.ም. (በ1939) ገጥሞ አቀረበው።

ካሚዮኑ ሞጣ ሲደርስ ከአንድ ጋራዥ አስገባነው። ወጣቱ መካኒክ ከቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን አየር በፓምፕ አስመጠጠና ጌጁን አሳየን። መጽሐፉ ቀስቱ ወደ 30 ኢንች ይድረስ ይላል፤ የእኛ ግን 22 ላይ ቆመ። «ቀዳዳው ትልቅ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ይለወጥ» ብሎ ፈረደ። ወንድማችንም ለአዲስ ኮምፕሬሰር የሚሆን ገንዘብ ከወዴት እንደሚበደር ማሰብ ጀመረ።

በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን፣ «አንተ ልጅ፣ 30 እኮ የምጽዋና የጅቡቲ ቁጥር ነው፤ በሞጣ ላይ ከየት ታመጣዋለህ?» አሉት። ጌጁ የሚለካው የውስጡን ከውጭው አየር ጋራ እያስተያየ ነው። ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋው በሞጣ ከፍታ የአየሩ ክብደት ከባሕር ወለሉ አራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ቱቦው ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ ቀስቱ ከ22 ብዙ አያልፍም። ያው ጌጅ ከዓባይ ድልድይ አጠገብ ቢሆን 26 ያህል ባሳየ ነበር። «ፓምፑን አጥፋ፤ መዝጊያውን ዝጋና አንድ ሰዓት ጠብቅ። የቀስቱን መድረሻ ሳይሆን መመለሱን ተመልከት» አሉ። ቀስቱም በሰዓቱ ውስጥ ቀስ እያለ በጥቂቱ ተመለሰ። ቀዳዳ አለ፤ ነገር ግን ጥቃቅን ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ፍለጋ የቀድሞውን አውጫጭኝ አሳሰበን። የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አንድ በአንድ እንደሚጠየቅ፣ የቱቦው መጋጠሚያ ሁሉ በየተራው ተጠየቀ። ሽማግሌው መጀመሪያ በዓይናቸውና በጣታቸው ፈለጉ። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋራ ይዞራልና፣ ጋዙ ሲሾልክ ዘይቱም አብሮ ይወጣል፤ አቧራም ይጣበቅበታል። ጋዝ ይሸሻል፣ ዘይት ግን ፈለጉን ይተዋል። ከዚህ በኋላ ከባሕር ዳር በመጣ ሲሊንደር ደረቅ ናይትሮጅን በመጠኑ ሞልተው፣ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው በብሩሽ ቀቡ። ከኮንደንሰሩ መግቢያ ላይ አንዲት ትንሽ አረፋ አበጠች፣ ፈነዳች፤ ደግሞም አበጠች። መጋጠሚያው ቢፈታ፣ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሏት የጎማ ቀለበት ደርቃ ተሰንጥቃለች። እርሷም ማድረቂያውም ተለወጡ፤ ጋዙም በሚዛን ተሞላ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ።

ዳሩ ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ቅዝቃዜው እንደ ገና ደከመ። የወንድማችንም ጥርጣሬ ከእንቅልፉ ነቃ። «ቀዳዳው ተደፍኖ የለምን? ታዲያ አሁንስ?» አለ። እኛም አንድ ጥፋተኛ ተገኝቷል ብለን ሸንጎውን ቶሎ መበተናችንን ያወቅነው በዚህ ጊዜ ነው። ሽማግሌው መካኒክ አሁን ከዘይቱ ጋራ የሚዋሐድ ልዩ ቀለም ጨመሩበት፤ ጥቂት ቀን ይነዳ፣ ከዚያም በጨለማ ይታይ አሉ። ቀለሙን የሚያሳየው ሐምራዊ መብራት ነው። ወንድማችን በሱቁ የብር ኖት የሚመረምርበት አንዲት ትንሽ መብራት ነበረችው፤ እርስዋን አመጣ። በብቸና በግቢው ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ እናታችንም ጭምር ተሰብስበው ሳሉ፣ ከኮምፕሬሰሩ ፊት፣ ዘንጉ ከሚወጣበት ዙሪያ፣ አረንጓዴ ብርሃን እንደ ቀለበት አበራ።

ምክንያቱንም ሽማግሌው ገለጡልን። በዘንጉ ዙሪያ ያለው ማተሚያ ጎማ የሚለሰልሰው መሣሪያው ሲሠራ በሚዞረው ዘይት ነው። ለወራት ሳይሠራ ቢቆም ጎማው ይደርቃል፣ ጋዙንም ያሳልፋል። በብቸናና በሞጣ ብርድ ደግሞ ይህን መሣሪያ የሚከፍት የለም። «ለምን ከፍተህ አታሠራውም ነበር?» ብለው ልጁን ቢጠይቁት ዝም አለ። የመለሰው ወንድማችን ነው። ነዳጅ ይፈጃልና ከበረሃው በቀር እንዳትከፍተው ብሎ ያዘዘ እርሱ ራሱ ነበር።

ኮምፕሬሰሩ ሳይለወጥ የዘንጉ ማተሚያ ብቻ ተለወጠ። ወንድማችንም በእናታችን ፊት፣ «ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ልጁ ጐንበስ ብሎ ጕልበቱን ሳመ። እናታችን ምንም አልተናገሩም፤ ሁለቱንም አንድ ገበታ ላይ አስቀመጧቸው።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ላላቸው አንባቢዎቻችን ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እናስታውሳለን።

አንደኛ፣ ጋዝ የጐደለበት መሣሪያ ቀዳዳው ሳይፈለግ አይሞላ። ይህ ለገንዘብ ብቻ አይደለም። የቀድሞው አር-12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ በ1980 ዓ.ም. (በ1987) በሞንትሪያል ውል ተደርጎ እንዲቀነስ ተወስኗል፤ አገራችንም በ1987 ዓ.ም. (በ1994) ወደ ውሉ ገብታለች። አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም፣ አንድ ኪሎው ቢሾልክ ምድርን የሚያሞቀው ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ቀዳዳ ሲገኝ ፍለጋው አይቁም፤ መጋጠሚያው ሁሉ እስከ መጨረሻው ይታይ።

ሦስተኛ፣ በደጋ አገር የሚኖር ሰው መሣሪያውን በየሳምንቱ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያሠራው። አየሩን ያደርቃልና በክረምት መስተዋቱን ከጉም ያጠራል፤ ይህም በዓባይ ቁልቁለት ላይ ነፍስን ያድናል።

አራተኛ፣ ለመፈተኛ ኦክሲጅን ፈጽሞ አይሞላ፤ ከዘይት ጋራ ሲገናኝ ይፈነዳልና። ሥራው በገላጣ ቦታ ይሁን፤ እሳት አይቅረበው፤ ሠራተኛው ዓይኑን ይሸፍን፤ ሕፃናትም ይራቁ። ፈሳሹ የነካውን ገላ እንደ በረዶ ያደርቃል፤ በእሳት የተቃጠለውም ጋዝ መርዝ ይሆናል።

አምስተኛ፣ በየጊዜው ስንት ግራም እንደ ተሞላ፣ በማን እጅና በየትኛው ቀን እንደ ሆነ በደብተር ይጻፍ። ይህ የጸሐፊ ምክር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በሚዛን የተጻፈ ቁጥር ለንጹሕ ሰው ጠበቃ ይሆነዋል።

ጋዝ በዓይን አይታይም። የማይታይ ነገር ሲጠፋም ሰው የሚታየውን ሰው ይይዛል። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ፣ ከጣታችሁ በፊት ሳሙናውንና መብራቱን አንሡ።